ማስት ሴልና አጥንት፦ የአከርካሪ ስብራት ምክንያቱ ሲታጣ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ርእሴ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ማስት ሴል የተባለውን ሕዋስ አብዛኞቻችን የምናውቀው ከአለርጂ ትምህርት ነው። ስለ አጥንት ደግሞ የተማርነው በሌላ ኮርስ፣ ከሌላ መምህር፣ ምናልባትም በሌላ ዓመት ነው። እኔ ዛሬ የማስረዳው ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ፣ ማለትም በአጥንት መቅኔ ውስጥ፣ ጎን ለጎን የሚኖሩ መሆናቸውንና የአንዱ መታወክ ሌላውን እንዴት እንደሚያዳክመው ነው።

ርእሱን የመረጥሁበትን ምክንያት ለመግለጽ ግን ከአንድ የሕመምተኛ መዝገብ ልነሣ።

ነገሩ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ዕድሜው በሠላሳዎቹ መጨረሻ የሚገኝ አንድ ሰው በጀርባ ሕመም ምክንያት ወደ ሕክምና መጣ። አልወደቀም፤ ከባድ ዕቃም አላነሣም። በራጅ ሲታይ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቹ ተደፍጥጠው ተገኙ። በአገራችን እንዲህ ያለ ምስል ያየ ሐኪም በመጀመሪያ የሚያስበው የአከርካሪ ቲቢን ነው፤ ማሰቡም ተገቢ ነው። ሰውየውም የቲቢ መድኃኒት ተጀመረለት። ለውጥ ባለመታየቱ ካንሰር እንዳይሆን ተብሎ ከመቅኔው ናሙና ተወሰደ፤ ናሙናው እኔ ዘንድ ደረሰ። መረመርሁት፤ ካንሰርም የቲቢ ምልክትም የለበትም ብዬ ጽፌ ፈረምሁ።

የጻፍሁት ሐሰት አልነበረም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ግን ለማስተማሪያ የሚሆኑ ስላይዶችን ስመርጥ ያንኑ ናሙና እንደገና አየሁት። በአጥንቱ ማገሮች ዳር ዳር፣ በዚያን ጊዜ ጠባሳ ነው ብዬ ያለፍሁት ቦታ ላይ፣ እንደ እንዝርት የሾሉ ሕዋሳት ተከማችተው ነበር። ከተቀመጠው ናሙና ሌላ ቁራጭ አስቆርጬ በጊምሳ ስናቀልመው የሕዋሳቱ ቅንጣቶች ሐምራዊ ሆነው ወጡ። ማስት ሴሎች ነበሩ። መዝገቡን አስፈልጌ ሳነበውም በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ አጭር መስመር አገኘሁ፤ ሰውየው ከዓመታት በፊት በንብ ተነድፎ ራሱን ስቶ ነበር። መስመሩን የጻፈው ሐኪም ከአጥንቱ ጋር አላያያዘውም፤ እኔም ናሙናውን ስመረምር መዝገቡን አልጠየቅሁም።

የንቡ ንድፊያና የተደፈጠጠው አከርካሪ የአንድ በሽታ ሁለት ገጾች ነበሩ። እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለማስረዳት ከሕዋሱ እጀምራለሁ።

የማስት ሴል ማንነት

ማስት ሴልን ስም ሰጥቶ ለዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽ ነው። በ1878 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጥናቱን ሲያቀርብ ገና የ24 ዓመት ወጣት ነበር። በማቅለሚያዎች ሲመራመር ሳለ በቅንጣቶች የታጨቁ፣ ማቅለሚያውንም ከራሱ ቀለም ወደ ሌላ የሚለውጡ ሕዋሳት አየ። ቅንጣቶቹ ከመጠን ያለፈ ምግብ የበላ ሕዋስ መልክ ስለሰጡት፣ በቋንቋው ማድለብን ወይም መቀለብን በሚያመለክት ቃል ሰየመው። ዛሬ ቅንጣቶቹ የተከማቸ ምግብ እንዳልሆኑ እናውቃለን፤ ስሙ ግን ጸንቶ ቀርቷል።

ማስት ሴል የሚወለደው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ከደም ግንደ ሕዋስ ነው። ሳይበስል በደም ተጉዞ ወደ ቆዳ፣ ወደ አንጀት፣ ወደ አየር መተላለፊያ ቧንቧዎች ይሄዳል፤ በዚያ በስሎ ለረዥም ጊዜ ይኖራል። ሰውነት ከውጭው ዓለም ጋር በሚገናኝባቸው ቦታዎች የቆመ ዘበኛ ነው ማለት ይቻላል። የአንጀት ትላትልን በመሳሰሉ ጥገኞች ላይ በሚደረገው መከላከልም ድርሻ አለው። በቅንጣቶቹ ውስጥ ሂስታሚን፣ ሄፓሪንና ትሪፕቴዝ የተባለው ኢንዛይም ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። ሕዋሱ ሲቀሰቀስ እነዚህን በደቂቃዎች ውስጥ ይለቅቃል፤ ከዚያም ኢንተርሊዩኪን-6ን የመሳሰሉ ሌሎች መልእክተኛ ፕሮቲኖችን እያመረተ በሰዓታት ውስጥ ያሠራጫል። ጥቂት ማስት ሴሎች በጤነኛ ሰው መቅኔም ውስጥ ይገኛሉ።

በሽታው

ማስቶሳይቶሲስ ማስት ሴሎች ያለ ልክ የሚበዙበትና የሚከማቹበት በሽታ ነው። በልጆች ላይ አብዛኛውን ጊዜ በቆዳ ብቻ ተወስኖ ይታያል፤ ብዙዎቹም ወደ ጉርምስና ሲደርሱ ይሻላቸዋል። በዐዋቂዎች ላይ ግን መቅኔን ጨምሮ የውስጥ አካላትን የሚይዘው ዓይነት ያመዝናል። በአውሮፓ የተደረጉ ግምቶች ሕመምተኛውን ከ10,000 ሰዎች አንድ ገደማ ያደርሱታል። ብርቅ ነው፤ ነገር ግን ማንም ሐኪም በሥራ ዘመኑ አይገጥመውም የሚባል አይደለም።

የዐዋቂዎቹ በሽታ ሥር በአብዛኛው አንዲት የዘረመል ለውጥ ናት። በአራተኛው ክሮሞሶም ላይ ኪት የተባለ ጂን አለ። ይህ ጂን በማስት ሴል ገጽ ላይ የሚቀመጥ ተቀባይ ፕሮቲን ያሠራል። በጤናማ ሁኔታ ተቀባዩ የሚሠራው የግንደ ሕዋስ አሳዳጊ ፕሮቲን መጥቶ ሲነካው ብቻ ነው። በ816ኛው ቦታ ላይ አስፓርቲክ አሲድ በቫሊን ሲተካ ግን ተቀባዩ ማንም ሳይነካው በርቶ ይቀራል። ይህ ዲ816ቪ የተባለው ለውጥ ከ90 በመቶ በላይ በሚሆኑ የውስጥ አካል ማስቶሳይቶሲስ ያለባቸው ዐዋቂዎች ላይ ይገኛል። ሕዋሱ አይሞትም፣ ይበዛል፤ በቀላሉም ይቀሰቀሳል። ያን ሰው በአንድ ንብ ንድፊያ ራሱን ያሳተው ይኸው በቀላሉ መቀስቀስ ነው።

አጥንት እንዴት ይታደሳል?

አጥንትን እንደ ድንጋይ የምናስብ ከሆነ የሚቀጥለው ነገር አይገባንም። አጥንት ይበልጥ የሚመስለው በየጊዜው የሚመረግ የጭቃ ቤት ነው። ያረጀውና የተሰነጠቀው ምርጊት ይፋቃል፤ በቦታው አዲስ ይመረጋል። የሚፍቀው ኦስቲዮክላስት ሲሆን የሚመርገው ኦስቲዮብላስት ነው። በዐዋቂ ሰው ከጠቅላላው አጥንት 10 በመቶ ያህሉ በየዓመቱ በዚህ መንገድ ይታደሳል። ፍቆ መጨረስ ሳምንታት ብቻ ይወስዳል፤ መልሶ መምረግ ግን ወራት ይፈጃል። ይህን የጊዜ ልዩነት ያዙልኝ። የእድሳቱ ፍጥነት ከሚገባው በላይ ሲጨምር በአንድ ጊዜ ተፍቀው ያልተመረጉ ቦታዎች ይበዛሉ፤ ቤቱም ይሳሳል።

ሁለቱ ሠራተኞች ተቀናጅተው እንዲሠሩ የሚያደርግ የመልእክት ሥርዓት አለ። ራንክ ሊጋንድ የተባለው ፕሮቲን ኦስቲዮክላስት እንዲበስልና እንዲሠራ ያዛል። ኦስቲዮፕሮቴጀሪን የተባለው ደግሞ ራንክ ሊጋንድን ቀድሞ በመያዝ ትእዛዙን ያግዳል። የአጥንት መጠን በእነዚህ በሁለቱ ሚዛን ላይ የቆመ ነው።

ሚዛኑ እንዴት ይዛባል?

በበሽታው የተያዘ መቅኔ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የማስት ሴል ክምችቶች የሚገኙት በዘፈቀደ አይደለም። በደም ሥሮች ዙሪያና በስፖንጃማው አጥንት ማገሮች ጠርዝ ላይ ይሰፍራሉ። ይህም ማለት ፋቂውና መራጊው በሚሠሩበት ቦታ አጠገብ ቁጭ ብለዋል ማለት ነው። ከዚያም የሚለቅቁት ነገር በየአቅጣጫው ይሠራል።

ሂስታሚን የኦስቲዮክላስትን መፈጠር ያበረታታል። ኢንተርሊዩኪን-6ና ቲ.ኤን.ኤፍ በዚያው አቅጣጫ ይገፋሉ፤ ራንክ ሊጋንድም ይጨምራል። ሄፓሪንን በተመለከተ ከሌላ የሕክምና ዘርፍ ያገኘነው ምስክር አለ፤ ለደም መርጋት ሲባል ሄፓሪንን ለብዙ ወራት በከፍተኛ መጠን የወሰዱ ሰዎች አጥንታቸው እንደሚሳሳ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይታወቃል። ሄፓሪን ከኦስቲዮፕሮቴጀሪን ጋር የመጣበቅ ባሕርይ ስላለው የአጋጁን ሥራ ያውካል። በአንጻሩ መራጊውን የሚያዳክሙ፣ እንደ ዲክኮፍ-1 ያሉ ፕሮቲኖች በአንዳንድ ሕመምተኞች ደም ውስጥ ጨምረው ተገኝተዋል። ፋቂው ይበረታል፤ መራጊውም አይደርስበትም።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ፤ ሦስቱም ለሐኪም ምልክት ናቸው።

አንደኛ፣ ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው ስፖንጃማ አጥንት በሚበዛበት ቦታ ነው። ስፖንጃማው ክፍል ከመቅኔ ጋር የሚገናኝበት ገጽ ሰፊ ነው፤ የሚታደሰውም በፍጥነት ነው። ስለዚህ ከዳሌ ይልቅ አከርካሪ ይቀድማል። አንዳንዱ ስብራት ያለ ብዙ ሕመም ስለሚከሠት የሚታወቀው ቁመት ሲቀንስ ወይም ለሌላ ጉዳይ ራጅ ሲነሣ ነው።

ሁለተኛ፣ በሽታው ወንዶችንም በብርቱ ይጎዳል። የአጥንት መሳሳት ሲባል ያረጡ ሴቶች ብቻ ወደ አእምሯችን የሚመጡ ከሆነ፣ በአርባ ዓመቱ አከርካሪው የተሰበረውን ወንድ ምክንያት የሌለው ብለን እንሸኘዋለን። በተለያዩ ጥናቶች የውስጥ አካል ማስቶሳይቶሲስ ካለባቸው ዐዋቂዎች ከአምስት አንዱ እስከ ከሦስት አንዱ የአጥንት መሳሳት ተገኝቶባቸዋል።

ሦስተኛ፣ የጉዳቱ መጠን ከሕዋሳቱ ብዛት ጋር ሁልጊዜ እኩል አይሄድም። በመቅኔው ውስጥ ጥቂት ክምችት ብቻ ያለበት፣ በቆዳው ላይ ምንም የማይታይበት ሰው ብዙ ስብራት ሊኖረው ይችላል። ለአንዳንድ ሰዎች ስብራቱ የበሽታው የመጀመሪያና ብቸኛ ምልክት ነው።

አጥንት ሲጠጥርስ?

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መሳሳት ነው። ይኸው በሽታ ግን ተቃራኒውንም ሊያደርግ ይችላል። ሕዋሳቱ በጣም በበዙበትና በሽታው በገፋበት ሁኔታ በአንዳንድ ሕመምተኞች አጥንት ይጠጥራል፤ በራጅ ላይም ከወትሮው ነጥቶ ይታያል። በእነዚህ ሰዎች ደም ውስጥ የመፍረስም የመገንባትም ምልክቶች አብረው ከፍ ይላሉ፤ ማለትም እድሳቱ በሁለቱም በኩል ተፋጥኗል፣ መገንባቱ ግን አመዝኗል። በአንድ ሰው አጽም ውስጥ የሳሳና የጠጠረ ቦታ ጎን ለጎን ሊገኝም ይችላል።

ይህ ለተማሪዎች ሁለት ትምህርት አለው። የመጀመሪያው፣ የአጥንት ጥግግትን የሚለካው ዴክሳ የሚሰጠን ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም። ከፍ ያለ ቁጥር በማስቶሳይቶሲስ ሕመምተኛ ላይ የጤና ማስረጃ ላይሆን ይችላል፤ የበሽታው መግፋት ምልክት ሊሆንም ይችላል። ሁለተኛው፣ ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባል። በመላ አጽም የተሠራጨ መሳሳትና እርሱ የሚያመጣው ስብራት ቀስ ብሎ በሚሄደው የበሽታው ዓይነት ይከሠታል፤ በራሱ የበሽታውን መክፋት አያሳይም። ትልልቅ ቀዳዳ የመሰሉ የአጥንት ጥፋቶች ግን የከፋውን ዓይነት ከሚያመለክቱት ግኝቶች ይመደባሉ። መጠጠር ደግሞ የሕዋሳቱን ብዛት እንድንመረምር ያስገድደናል። ሕክምናቸውም የተለያየ ነው።

በእኛ ማይክሮስኮፕ ሥር

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። ለተደፈጠጠ አከርካሪ ቲቢን ማሰብ ስሕተት አይደለም፤ ስሕተቱ በቲቢ ላይ ማቆም ነው። የአከርካሪ ቲቢ ብዙ ጊዜ ሁለት ተጎራባች አጥንቶችን በመካከላቸው ካለው ዲስክ ጋር ይይዛል፤ በዙሪያቸውም መግል ይቋጥራል። ዲስኩ ደኅና ሆኖ አጥንቱ ብቻ ሲደፈጠጥ፣ በተለይም የተጎዱት አጥንቶች ሲራራቁ፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

ቆዳን መመርመር አንድ ነገር ነው። የበሽታው የቆዳ ምልክት ቡናማ ነጠብጣብ ሲሆን ሲታሽ ያብጣል። መጻሕፍት የሚያሳዩን ሥዕል በነጣ ቆዳ ላይ የቀላ እብጠት ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይጎላ ዓይን ያልፈዋል፤ እብጠቱ ግን በጣት ይዳሰሳል። ስለዚህ ማየት ብቻ አይበቃም፤ አሽቶ መዳሰስ ይገባል።

ናሙናን በተመለከተ፣ በመርፌ የተመጠጠ መቅኔ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ማስት ሴሎቹ በክሮች ተጠላልፈው ከአጥንቱ ጠርዝ ጋር ስለሚጣበቁ ወደ መርፌው አይመጡም፤ ከነአጥንቱ የተቆረጠ ናሙና ያስፈልጋል። በመደበኛው ማቅለሚያም የሾሉት ሕዋሳት ጠባሳ መስለው ይታያሉ፤ እኔን ያሳሳተኝ ይኸው ነው። ዕድላችን ሆኖ ቅንጣቶቹን የሚያጎላው ጊምሳ በአገራችን ወባ በሚመረመርበት ቦታ ሁሉ የሚገኝ ማቅለሚያ ነው። የመጀመሪያውን ጥርጣሬ ለማንሣት ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

ማረጋገጫው ግን ሥርዓት አለው። ዋናው መስፈርት በመቅኔ ወይም ከቆዳ ውጭ በሆነ አካል ውስጥ 15 እና ከዚያ በላይ ማስት ሴሎች የተጠጋጉባቸው ክምችቶች በብዙ ቦታ መገኘታቸው ነው። ደጋፊ መስፈርቶቹ የሕዋሳቱ ቅርጽ ከ25 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ መለወጡ፣ የኪት ለውጥ መገኘቱ፣ ሲዲ25ን የመሰሉ እንግዳ ምልክቶች በገጻቸው ላይ መታየታቸውና በደም ውስጥ ያለው ትሪፕቴዝ ያለማቋረጥ ከ20 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በላይ መሆኑ ናቸው። ዋናው ከአንድ ደጋፊ ጋር፣ ወይም ዋናው ሳይኖር ሦስት ደጋፊዎች ሲሟሉ በሽታው ይረጋገጣል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በመቅኔ ብቻ በተወሰነው ዓይነት ትሪፕቴዝ ከ20 በታች ሊሆን ይችላል፤ የኩላሊት ድክመትም ያለዚህ በሽታ ሊያስጨምረው ይችላል።

ሕክምናው

የአጥንቱ ሕክምና መነሻ በቂ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሲሆን፣ ዋናው መድኃኒት ፋቂውን ሕዋስ የሚያዘገዩት ቢስፎስፎኔቶች ናቸው። ከእነዚህም ዞሌድሮኒክ አሲድ በዓመት አንድ ጊዜ 5 ሚሊ ግራም በደም ሥር በመስጠት የአከርካሪ ጥግግት እንደሚያሻሽል ታይቷል። ራንክ ሊጋንድን የሚያግደው ዴኖሱማብ ሌላ አማራጭ ነው፤ ነገር ግን ተተኪ ሳይዘጋጅ ቢቋረጥ እድሳቱ በድንገት አገርሽቶ አከርካሪ ሊሰበር ስለሚችል፣ አቅርቦቱ በማያስተማምንበት ቦታ መጀመሩ በጥሞና መታሰብ አለበት። ፀረ ሂስታሚኖች ማሳከኩንና የአለርጂ ምልክቶችን ያስታግሳሉ። በሥሩ ላይ የሚሠሩ፣ የኪትን ተቀባይ የሚያጠፉ መድኃኒቶችም ተገኝተዋል፤ በአሜሪካ ሚዶስቶሪን በ2017 ለገፋው በሽታ፣ አቫፕሪቲኒብ በ2021 ለገፋው፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቀስ ብሎ ለሚሄደው ዓይነት ተፈቅደዋል።

ምርመራው በጊዜ መደረጉ ግን ከመድኃኒት በፊትም ይጠቅማል። አከርካሪው የተሰበረ ሰው ማስታገሻ ይሰጠዋል፤ ሞርፊንና ኮዴን፣ በአንዳንዶችም ላይ አስፕሪንና ዘመዶቹ፣ ማስት ሴልን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። አለርጂው ሲመላለስበት ኮርቲዞን ይታዘዝለታል፤ ኮርቲዞን ሲራዘም አጥንትን ያሳሳል። በሽታውን ሳናውቅ የምንሰጠው ርዳታ ራሱ በሽታውን ሊያባብስ ይችላል ማለት ነው። ያወቅን እንደ ሆነ ግን ለንብ ንድፊያ የሚሆን የአድሬናሊን መርፌ እንዲይዝ እናደርጋለን፤ የማደንዘዣ ባለሙያውንም አስቀድመን እናስጠነቅቃለን።

መዝጊያ

ወደ ተነሣሁበት ሰው እመለሳለሁ። ስሕተቴን ካወቅሁ በኋላ በመዝገቡ ላይ ወዳለው ስልክ በተደጋጋሚ ደወልን፤ ቁጥሩ አይሠራም። አድራሻው ቀበሌ ብቻ ነበር፤ ልከን አስጠይቀን ልናገኘው አልቻልንም። የመጨረሻው የመዝገቡ ማስታወሻ ሦስተኛ አከርካሪ መደፍጠጡን ይናገራል። የፈረምሁበት ወረቀት ስሕተት የሌለበት፣ ነገር ግን ለእርሱ ምንም ያልጠቀመ ወረቀት ነበር። ስላይዱን ዛሬም አስተምርበታለሁ፤ ምርመራውን ያሳጣው ማን እንደ ሆነም ለተማሪዎቼ ሳልደብቅ እነግራለሁ።

ስለዚህ ለክሊኒክ ተማሪዎች አንድ ልመና አለኝ። ምክንያቱ ያልታወቀ ስብራት ያለበትን ሰው፣ በተለይም ወጣት ወይም ወንድ ከሆነ፣ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ ቆዳህ ሲታሽ ያብጣል ወይ? በንብ ተነድፈህ ወይም መድኃኒት ወስደህ ራስህን ስተህ ታውቃለህ ወይ? መልሱንም ናሙና ስትልኩ በመጠየቂያው ቅጽ ላይ ጻፉልን። ለፓቶሎጂ ተማሪዎቼ የምለው ደግሞ ይህን ነው፤ ቅጹ ባዶ ሆኖ ከመጣ መዝገቡን አስመጡ፤ በአጥንት ማገር ዳር ጠባሳ የመሰለ ነገር ካያችሁም ጊምሳ ሳታቀልሙ አትፈርሙ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።